ዋጋው ትንሽ፣ መዘዙ ግን ብዙ፦ ዘላቂ የቻርጀር ገመድ እንዴት ይመረጣል?

ለሚ፦ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ለሚ በሰሜን ሸዋ ዞን ከጀማ ሸለቆ አፋፍ አጠገብ ትገኛለች። ከሙከጡሪ ተነስቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚያመራው መንገድ ለሚን አቋርጦ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም የተመረቀውና በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም እንዳለው የተገለጸው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካም የከተማዋን ስም በመላ አገሪቱ አሳውቋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከፋብሪካው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነገር ነው። እሱም በየመንግሥት ሠራተኛው ኪስና ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋው፣ በየገበያው በብዛት የሚሸጠውና ብዙውን ጊዜ ያለ ዕድሜው የሚጣለው የቻርጀር ገመድ ነው።

አንድ የወረዳ ባለሙያ ለሦስት ቀናት የመስክ ሥራ ከለሚ ወደ ሸለቆው ቀበሌዎች ወረደ እንበል። የአርሶ አደሮችን ስም ዝርዝርና የማሳ ፎቶግራፍ የያዘው በስልኩ ነው። ማታ መብራት ባለበት ቤት ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ ግን ባትሪው ምሽት ላይ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም፤ ገመዱ ከመሰኪያው ሥር ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል። በቅርብ ሱቅ ስለሌለ የዕለቱ ሥራ ይስተጓጎላል፤ በቀጠሮው መሠረት ተሰብስበው የሚጠብቁት ነዋሪዎችም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ባለሙያው ገመዱን ሲገዛ ያተረፈው ጥቂት ብር በአንድ ቀን ሥራና በሕዝብ እንግልት ተከፈለ ማለት ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት እንዲህ ያለው ችግር የግለሰብ ብቻ ተደርጎ ሊታይ ይችል ነበር። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን አጽድቋል። የቴሌብር አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም ተጀምሯል፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ዘዴ እንዲፈጸም ተደርጓል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በተደረገው ዝግጅትም፣ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም እንዲራዘም ቢወሰንም፣ መረጃው በወረቀት ሳይሆን በታብሌት እንዲሰበሰብ ታቅዶ ነበር። ሥራው በስልክና በታብሌት ላይ ሲመሠረት ባትሪ የሚሞላው ገመድም የሥራ መሣሪያ ይሆናል።

ለመሆኑ በአንድ ገመድና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ ያለው በውስጣቸው ነው።

የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ፤ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያስተላልፋሉ። ስልኩ ቶሎ ወይም ዘግይቶ የሚሞላው በዋናነት ኤሌክትሪክ በሚያመላልሱት በሁለቱ ሽቦዎች ውፍረትና በተሠሩበት ብረት ዓይነት ነው።

በረዥም ቀጭን ቧንቧ የሚሄድ ውኃ ግፊቱ እንደሚቀንስ ሁሉ በቀጭን ሽቦ የሚያልፍ ኤሌክትሪክም ቮልቴጁ ይወርዳል። ይህን በአኃዝ ማየት ይቻላል። ውፍረቱ 0.32 ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ በተሠራ የአንድ ሜትር ገመድ ላይ 2 አምፔር ቢያልፍ፣ በምልልሱ 0.85 ቮልት ያህል ይጠፋል። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ሆኖ የተነሳው ኃይል ስልኩ ጋ ሲደርስ 4.15 ቮልት ገደማ ይሆናል። የአብዛኛው ስልክ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልትና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ፣ ስልኩ ይህን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲያይ የሚወስደውን ኃይል ይቀንሳል። በአንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ የሚችለው ባትሪ ሦስትና አራት ሰዓት የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሽቦው ውፍረት 0.51 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን በተመሳሳይ ርዝመት የሚጠፋው 0.34 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። የቀጭኑ ገመድ ርዝመት ወደ ሁለት ሜትር ቢያድግ ደግሞ ብክነቱ በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት ረዥም ገመድ መግዛት አይመከርም። በተለይ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ለሚጠቀሙ ሠራተኞች አጭርና ወፍራም ሽቦ ያለው ገመድ ተመራጭ ነው፤ ከመሣሪያው የሚገኘው ኃይል አስቀድሞም ውስን ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ የሽቦው ብረት ነው። ዋጋቸው ዝቅ ባሉ አንዳንድ ገመዶች ውስጥ ያለው ሽቦ ንጹሕ መዳብ ሳይሆን ላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ደጋግሞ ሲታጠፍም ከመዳብ ቀድሞ ይሰበራል። ይህን ለማወቅ የሚሻ ሰው የተበላሸና ከኃይል የተነቀለ ገመድ ቆርጦ የሽቦውን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጎ መመልከት ይችላል። ከቀይ ሽፋኑ ሥር ነጭ ብረት ከታየ ገመዱ የመዳብ እንዳልነበረ ያረጋግጣል። በዚህ መንገድ የተፈተሸው አሮጌ ገመድ ለሚቀጥለው ግዥ ትምህርት ይሆናል።

ሦስተኛውና ብዙ ገመዶች የሚሞቱበት ቦታ አንገቱ ነው። ገመዱ ከመሰኪያው ጋር የሚገናኝበት ይህ ሥፍራ በየዕለቱ ይታጠፋል፣ ይሳባል። ማይክሮ ዩኤስቢና ታይፕ ሲ የተባሉት መሰኪያዎች በደረጃቸው መሠረት 10 ሺህ ጊዜ ተሰክተው እንዲነቀሉ ታስበው የተዘጋጁ ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰካ ሰው ይህን ቁጥር ለመጨረስ ከ13 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ የተበላሸ ገመድ ካለ እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ያረጀው መሰኪያው ሳይሆን የተበጠሰው አንገቱ ነው። በመሆኑም ገዥው አንገቱ ላይ ለስለስ ያለ፣ ረዘም ብሎ ገመዱን የሚደግፍ የላስቲክ ሽፋን መኖሩን ማየት አለበት። በናይለን የተሸረበ ገመድ መፋቅንና መቆራረጥን በተሻለ ይቋቋማል፤ ሆኖም አንገቱ ደካማ ከሆነ ሽሩባው ብቻውን አያድነውም።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈውን የአምፔር ቁጥር ብቻ አይቶ መግዛትም ያሳስታል። የባትሪ አሞላል የሦስት ነገሮች ድምር ውጤት ነው፤ ሶኬት ላይ የሚሰካው የቻርጀሩ ራስ፣ ገመዱና ስልኩ። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሦስቱ ደካማው ነው። ስልኩ 2 አምፔር ብቻ የሚቀበል ከሆነ 6 አምፔር የተጻፈበት ገመድ ምንም አይጨምርለትም። በሌላ በኩል አንዳንድ ፈጣን ቻርጀሮች በሙሉ ኃይላቸው የሚሠሩት ከራሳቸው ገመድ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ከስልኩ ጋር የመጣውን ገመድ መያዝ ይጠቅማል።

የኮምፒዩተር ቻርጀር ጉዳይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ከሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነ ተራ ገመድ የሚሸከመው እስከ 3 አምፔር፣ ማለትም በ20 ቮልት እስከ 60 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ለማሳለፍ የገመዱን አቅም ለቻርጀሩ የሚናገር ትንሽ ቺፕ በውስጡ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ ገመድ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በማሸጊያው ላይ 5 አምፔር፣ 100 ዋት ወይም 240 ዋት የሚል ምልክት መኖሩን ማረጋገጥ አለበት።

ጥራት የጎደለው ገመድ ከመዘግየትም ያለፈ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል በሌላው ዓለም የታየ ምሳሌ አለ። የጉግል ኩባንያ መሐንዲስ የሆነው ቤንሰን ሊየንግ እ.ኤ.አ በ2015 በኢንተርኔት የሚሸጡ የታይፕ ሲ ገመዶችን እየገዛ መመርመርና ውጤቱን ለገዥዎች ማሳወቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ በ2016 መጀመሪያ ላይ ሽቦው በተሳሳተ መንገድ የተገናኘ አንድ ገመድ የሚሠራበትን ኮምፒዩተር አበላሸበት። በጥቂት ብር የሚለካ ዕቃ በብዙ ሺህ ብር የሚገመት መሣሪያ ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

በአሁኑ ወቅት ገዥውን የሚያግዝ አንድ መልካም ለውጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮችና ታብሌቶች በታይፕ ሲ እንዲሞሉ በሕግ ደንግጓል። አፕል ኩባንያም እ.ኤ.አ በ2023 ካወጣው አይፎን 15 ጀምሮ ወደዚሁ መሰኪያ ተሸጋግሯል። ኅብረቱ ከተጣሉና ከማያገለግሉ ቻርጀሮች በየዓመቱ 11 ሺህ ቶን ያህል ቆሻሻ እንደሚፈጠር ገምቶ ነበር። አምራቾቹ ለዓለም ገበያ የሚያመርቱ በመሆናቸው ለውጡ ወደ አገራችንም ይደርሳል። አዲስ ስልክ ወይም ታብሌት የሚገዛ ሠራተኛ ታይፕ ሲ ያለውን ቢመርጥ አንድ ጥሩ ገመድ ለበርካታ መሣሪያዎች ይበቃዋል።

ገዥው ሱቅ ውስጥ ሆኖ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ቀላል ፍተሻዎች አሉ። ባትሪው ከግማሽ በታች የሆነ ስልክና የራስን የቻርጀር ራስ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ የሞላ ስልክ ትንሽ ኃይል ስለሚወስድ የገመዱን ድክመት አያሳይም። ገመዱን ሰክቶ አንገቱን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማጠፍ፣ የመሙላት ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ አለመግዛት ነው። መሰኪያው ያለ ጉልበት ገብቶ ሳይላላ መቀመጥ አለበት። ከዚያም አሥር ደቂቃ ታግሶ ባትሪው ስንት በመቶ እንደጨመረ ማየትና ከነባሩ ገመድ ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ሰነድ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስተላልፍ ሠራተኛ ገመዱ መረጃ የሚያሳልፍ መሆኑንም መጠየቅ አለበት፤ አንዳንዶቹ የኃይል ሽቦ ብቻ ያላቸው ናቸውና።

ከግዥ በፊት ነባሩ ገመድ በእርግጥ መበላሸቱን ማጣራትም ብልህነት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ገመዱ ሳይሆን በስልኩ መሰኪያ ውስጥ የተጠቀጠቀ የበጋ አቧራና የኪስ ብናኝ ነው። ስልኩን አጥፍቶ በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ በጥንቃቄ ማጽዳት አዲስ ገመድ ከመግዛት ሊያድን ይችላል። መርፌ ወይም ሌላ ብረት መጠቀም ግን አይገባም።

ከግዥ በኋላ ደረሰኝ መያዝ የገዥው መብት መሠረት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አዋጁ ያመለክታል። የዕቃው ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች ይህን መብት ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ።

ዋጋን በሚመለከት ትክክለኛው መለኪያ የመግዣው ብር ሳይሆን ለአንድ ወር አገልግሎት የሚወጣው ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል በ150 ብር የተገዛ ገመድ ሁለት ወር ብቻ ቢያገለግል ለአንድ ወር 75 ብር ይወጣበታል። በ450 ብር የተገዛው ግን 18 ወር ቢያገለግል የወሩ ወጪ 25 ብር ብቻ ነው። ሆኖም ውድ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ የታዋቂ ኩባንያ ስም ተለጥፎባቸው በውድ የሚሸጡ አስመሳይ ዕቃዎች አሉና። ለተጨማሪው ዋጋ ምክንያት የሚሆነው ከላይ የተዘረዘሩትን ፍተሻዎች ማለፉ ነው።

ይህ ስሌት ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን በብዛት ለሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም ይሠራል። በግዥ ጥያቄ ላይ "የቻርጀር ገመድ፣ 50 ፍሬ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አሸናፊው በጣም ርካሹ መሆኑ አይቀርም። የገመዱ ርዝመት፣ የመሰኪያው ዓይነት፣ የሚሸከመው አምፔር፣ ሽቦው ንጹሕ መዳብ መሆኑ፣ መረጃ የማስተላለፍ ችሎታውና የዋስትና ጊዜው በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ከተካተቱ ግን ውድድሩ በተመሳሳይ ጥራት ላይ ይሆናል። ዕቃው ሲገባም ከመካከሉ ጥቂቶቹን መርጦ መሞከር የንብረት ክፍልን ብዙ አያደክምም።

የተገዛው ገመድ ዕድሜው እንዲረዝም አያያዙም ወሳኝነት አለው። ሲነቀል ገመዱን ሳይሆን መሰኪያውን መያዝ፣ ሲጠቀለል በሰፊው ማዞር እንጂ አጥብቆ አለመቋጠር፣ ስልኩ እየሞላ ሳለ አንገቱን አጣጥፎ አለመነጋገር ይገባል። ሽቦው የታየ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሎ መቀጠል የለበትም፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ግለትና ቃጠሎ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በአልጋ ላይና በትራስ ሥር ቻርጅ ማድረግም አደገኛ ነው። ከሁሉም በላይ 220 ቮልት የሚገባበት የቻርጀሩ ራስ ስለሆነ፣ የተሰነጠቀ ወይም ከልክ በላይ የሚግል ራስ ሳይውል ሳያድር መወገድ ይኖርበታል።

ወደ ቀበሌ የሚወርደው ባለሙያ አንድ የተፈተሸ ገመድና አንድ አጭር መጠባበቂያ በቦርሳው ቢይዝ፣ ኃላፊውም በመሥሪያ ቤቱ የግዥ ጥያቄ ላይ ሁለት መስመር ዝርዝር ቢጨምር፣ ከሩቅ መጥቶ ተራውን የሚጠብቀው ባለጉዳይ "ስልኩ ዘግቷል፣ ነገ ተመለስ" ከመባል ይድናል።