ጩኸት ብቻ አይበቃም፣ ስምና አድራሻም ያስፈልጋል

ብዙዎቻችን ወደ እስራኤል የመጣነው በትልቅ አውሮፕላን ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዙት ትናንሽ አውሮፕላኖች ነው። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ቢወድቅ ማን ይደርስለታል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1972 በአላስካ አራት ሰዎች የያዘ ትንሽ አውሮፕላን ጠፋ። ከአራቱ መካከል የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የነበሩት ሄል ቦግስና ኒክ ቤጊች ይገኙበታል። ፍለጋው 39 ቀን ቢፈጅም አውሮፕላኑም ሰዎቹም አልተገኙም። በተከታዮቹ ዓመታት በአሜሪካ አብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች የአደጋ ምልክት የሚያሰማ ሬዲዮ እንዲይዙ ግዴታ ሆነ። ይህ ሬዲዮ አውሮፕላኑ በኃይል ሲጋጭ በራሱ ይነሳና ይጮኻል።

አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቭየት ኅብረት ተባብረው ጩኸቱን በሳተላይት ማዳመጥ ጀመሩ። በ1982 በካናዳ ተራሮች የወደቁ ሦስት ሰዎች በዚሁ መንገድ ተገኝተው ዳኑ።

ሆኖም አሮጌው ሬዲዮ ችግር ነበረበት። በ121.5 ሜጋኸርዝ ይጮኻል እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትንሽ ጠንከር ብሎ ሲያርፍ እንኳ ሊነሳ ስለሚችል፣ አብዛኛው ጥሪ የሐሰት ነበር። ስለዚህ ሳተላይቶቹ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ይህን ሞገድ ማዳመጥ አቆሙ። አሮጌውን ብቻ የያዘ ሰው ቢወድቅ፣ የሚሰማው በአቅራቢያ የሚያልፍ አውሮፕላን ወይም ጣቢያ ካለ ነው።

አዲሱ ሬዲዮ በ406 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ እያንዳንዱም የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ቦታውን በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ጂ.ፒ.ኤስ. ካለው ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ ርቀት ያመለክታል። ጥሪው ሲደርስ የነፍስ አድን ሠራተኞች መዝገቡን አይተው ለባለቤቱ ወይም ለቤተሰቡ ስልክ ይደውላሉ። አውሮፕላኑ በሰላም ቆሞ ከሆነ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ በጉዞ ላይ ከሆነ ግን ቤተሰቡ ወዴት እንደሄደ ይነግራቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ባለቤቱ ሬዲዮውን ካስመዘገበና ስልኩ ሲቀየር ካሳወቀ ነው። እኛም ይህን በሚገባ እናውቀዋለን። ከመርካዝ ክሊታ ወጥተን ቤት ስንገባ አዲሱን አድራሻ ካላሳወቅን፣ ደብዳቤያችን በቀድሞው በር ይቀራል። የእኛ ደብዳቤ ቢዘገይ ሌላ ይጻፋል፤ በተራራ ላይ ለወደቀ ሰው ግን የሰዓታት መዘግየት ነፍስ ያስከፍላል።