ከፊልም ወደ ዲጂታል መሸጋገር የፎቶግራፍ አንሺን ክህሎት ያሻሽላልን? የዋግ ኽምራ ደጋ እንደ ማሳያ

በየዓመቱ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፣ በሰቆጣና በአካባቢዋ የሻደይ በዓል ይከበራል። ልጃገረዶች የሻደይ ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ የሀገር ልብስ ለብሰው፣ በከበሮ ታጅበው ይጫወታሉ። ዛሬ በዚህ ሜዳ ላይ ዲጂታል ካሜራ ወይም ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ ሰው ማየት የተለመደ ነው። በፊልም ዘመን ግን ያንኑ ጨዋታ ለማንሣት የሚወጣ ባለሙያ በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ምስሎች ብቻ የማንሣት ዕድል ነበረው፤ ያነሣውንም የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ ከታተመ በኋላ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚሁ ልዩነት የሚነሣ ነው፦ ከፊልም ወደ ዲጂታል የተደረገው ሽግግር የፎቶግራፍ አንሺውን ክህሎት አሻሽሏል ወይስ የምስሉን ብዛት ብቻ ጨምሯል?

ጥያቄው የመሣሪያ ምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው፣ ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ኮረም በዓለም ዘንድ የታወቀችው ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች በረኀቡ ወቅት በቀረጿቸው ምስሎች ነው። ዛሬ ካሜራው በአካባቢው ሰው እጅ ገብቷል። ዋግ ስለ ራሱ የሚያስቀምጠው የምስል ማስረጃ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነውም ይህ ሰው በካሜራው የሚያዳብረው ክህሎት ነው።

ውጤትና ክህሎት

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ውጤት ማለት በአንድ ቀን የተገኘ ጥሩ ምስል ነው። ክህሎት ግን ሁኔታው ሲለወጥ፣ ብርሃኑ ሲቀየርና መሣሪያው ሳያግዝ ሲቀር ጥሩ ምስል ደጋግሞ የማግኘት ችሎታ ነው። በአንድ በዓል 1,200 ምስሎች አንሥቶ ከመካከላቸው ዐሥር ጥሩ ምስሎች የሚያገኝ ሰው ውጤት አለው፤ ዐሥሩ ለምን ጥሩ እንደሆኑ ማስረዳትና በሚቀጥለው ዓመት በምርጫ መድገም ካልቻለ ግን ክህሎቱ አድጓል ለማለት ያስቸግራል። ስለ ሽግግሩ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው እነዚህ ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው።

የፊልም ገደብ እንደ መምህር

ቀለም ያለው ኔጋቲቭ ፊልም የሚታጠብበት ሲ-41 የተባለው ሂደት ማጠቢያው ፈሳሽ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንዲሆንና ፊልሙ በውስጡ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እንዲቆይ ይጠይቃል። ሙቀቱ በጥቂቱ ከተዛባ ቀለሙ ይበላሻል። አስተማማኝ መብራትና ውኃ በሌለበት ደጋ ይህን ማሟላት ከባድ ስለሆነ በሥራውና በውጤቱ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ እያንዳንዱ ምስልም ዋጋ ያስወጣል።

ይህ ገደብ ባለሙያውን አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ምስሉን ከማንሣቱ በፊት ብርሃኑን ይለካል፣ ውጤቱን በአእምሮው ይስላል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይጫናል። ይሁን እንጂ ገደቡ ጉዳትም አለው። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ሲመጣ የትኛው ምስል በየትኛው የመዝጊያ ፍጥነትና የሌንስ ቀዳዳ እንደተነሣ የሚያስታውሰው በደብተር የመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ያልመዘገበው ስሕተቱን ያያል፤ ምክንያቱን ግን አያገኘውም። ስለዚህ ፊልም ያስተማረው ሁሉንም ሳይሆን ማስታወሻ መያዝ የሚችለውን ታጋሽ ነው ማለት ይቻላል።

ፈጣን ግብረ መልስና የመማር ጥናቶች

ዲጂታል ካሜራ ከለወጣቸው ነገሮች ዋነኛው በድርጊትና በግብረ መልስ መካከል ያለውን ጊዜ ወደ ሰከንድ ማሳጠሩ ነው። በተጨማሪም የመዝጊያ ፍጥነቱን፣ የሌንስ ቀዳዳውንና የብርሃን ትብነቱን ከእያንዳንዱ ምስል ጋር በራሱ ይመዘግባል። በዚህ ረገድ የፊልም ዘመን ደብተር ሥራ ያለ ድካም ተከናውኗል።

ግብረ መልሱ በፈጠነ ቁጥር ትምህርቱም ይፋጠናል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። የእንቅስቃሴ ክህሎት ጥናቶች ግን ነገሩ ውስብስብ መሆኑን ያሳያሉ። ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት የጥናቶች ግምገማ በልምምድ ወቅት አዘውትሮ የሚሰጥ ግብረ መልስ የዕለቱን አፈጻጸም እንደሚያሻሽል፣ ተማሪውን ግን ጥገኛ ሊያደርገው እንደሚችል አመልክተዋል። ስዊነንና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ድርጊቱ እንዳበቃ ወዲያው የሚሰጥ ግብረ መልስ ጥቂት ዘግይቶ ከሚሰጠው ይልቅ ዘላቂ ትምህርትን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። የሰጡት ማብራሪያ ተማሪው የራሱን ስሕተት የመገመት ዕድል ያጣል የሚል ነው።

እነዚህ ጥናቶች የተካሄዱት በቤተ ሙከራ ውስጥ በቀላል እንቅስቃሴዎች ላይ በመሆኑ በቀጥታ ወደ ፎቶግራፍ መውሰድ አይቻልም። ሆኖም ለጥያቄው ጠቃሚ መላምት ይሰጣሉ፦ ጉዳዩ ስክሪን መኖሩ ሳይሆን ባለሙያው ስክሪኑን ከማየቱ በፊት ውጤቱን መገመቱ ነው።

ነጭ ነጠላና ጥቁር ፊት

ሽግግሩ ነባር ክህሎትን እንዳለ ይዞ እንደማይሻገር የሚያሳይ ግልጽ ምሳሌ በሻደይ ሜዳ ላይ ይገኛል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚሠራው በፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል በሚል ግምት ነው። ንጹሕ ነጭ ነጠላ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይመልሳል። በመሆኑም ምስሉን የሞላው ነጠላ ከሆነ መለኪያው ይታለላል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የልጃገረዷ ፊትም ዝርዝሩ የማይለይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በነሐሴ ሰማይ ፀሐይና ደመና እየተፈራረቁ ብርሃኑ በየደቂቃው ሲቀያየር ችግሩ ይባባሳል።

በፊልም የሠለጠነ ባለሙያ ለዚህ መፍትሔ ነበረው፤ ሲጠራጠር ብርሃን ይጨምራል። ኔጋቲቭ ፊልም ከመጠን ያለፈ ብርሃንን ሁለት ስቶፕ ያህል ሊታገሥ ይችላል፤ የብርሃን ማነስን ግን እምብዛም አይታገሥም። የዲጂታል ሴንሰር ጠባይ ተቃራኒ ነው። የጨለመው ክፍል በኋላ በኮምፒዩተር በተወሰነ ደረጃ ሊነሣ ይችላል፤ ከልክ በላይ በርቶ ነጭ የሆነው ክፍል ግን መረጃ ስለሌለው አይመለስም። ስለዚህ ያንኑ ልማድ ወደ ዲጂታል ይዞ የመጣ ሰው ፊቱን ያተርፋል፤ የነጠላውን ጥለትና የሽመናውን መስመር ግን ያጣል። ለባህል ጥናት የሚውል ምስል ከሆነ ደግሞ የጠፋው ጥለት ራሱ ማስረጃ ነው።

በሌላ በኩል ዲጂታል በፊልም ጊዜ አዳጋች የነበረውን ሥራ ያቀልላል። በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘውን ከአለት የተፈለፈለ የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የመሰለ ደብዛዛ ውስጠኛ ክፍል ለዚህ ይጠቀሳል። የብርሃን ትብነትን ከ400 ወደ 3,200 ማሳደግ የሦስት ስቶፕ ልዩነት ነው፤ በ400 አንድ ሙሉ ሰከንድ የሚጠይቀው ምስል በ3,200 በ1/8 ሰከንድ ይነሣል። በፊልም ጊዜ ለዚህ ጥቅሉን ሙሉ በሌላ ፊልም መተካት ያስፈልግ ነበር፤ በዲጂታል ግን በየምስሉ መቀየር ይቻላል። ይህ ግን የመሣሪያው አቅም ነው። የአለቱን ቅርጽ የሚያሳየው ብርሃን ከየት በኩል እንደሚገባ ማየት አሁንም የሰው ሥራ ነው።

የሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ተሞክሮ

በሁለቱም መሣሪያዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከሠሩት መካከል በስፋት የሚታወቀው ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኮረምን ያነሣው በጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ከ24 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ «ጀነሲስ» ለተባለው ሥራው ከዋግ ኽምራ ጋር ከሚዋሰነው ከላስታ፣ ከላሊበላ ተነሥቶ እስከ ስሜን ተራሮች 850 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዟል። ወደ ዲጂታል የተሻገረው በዚያው ዓመት ነው። ለመሻገሩ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ፊልም በአውሮፕላን ማረፊያዎች የኤክስሬይ ፍተሻ መጎዳቱ ነበር።

ለዚህ ጥናት ጠቃሚው ነጥብ የአሠራር ልማዱን አለመለወጡ ነው። ምስሎቹን በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ አይመርጥም ነበር፤ ዲጂታሉ ፋይል እንደ ጥንቱ በትንንሽ መጠን በወረቀት ይታተምለትና በማጉያ መነጽር እያየ ይመርጥ ነበር። በሌላ አነጋገር ካሜራውን ቀየረ፤ በማንሣትና በመፍረድ መካከል ያለውን ርቀት ግን ሆን ብሎ ጠበቀ። የሥራው አንድነት በመሣሪያ ለውጥ ሳይናጋ የቀጠለበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የእርሱ ክህሎት በፊልም ዐሥርት ዓመታት የተገነባ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም፤ በስልክ ካሜራ የሚጀምር የሰቆጣ ወጣት ያንን ልማድ ከየትም አይወርሰውም፤ ራሱ ሊገነባው ይገባል።

መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው እንደሚታየው ዲጂታል ካሜራ በራሱ ክህሎት አይጨምርም፤ ክህሎት የሚገኝበትን የልምምድ ዋጋ ይቀንሳል። የተቀነሰው ዋጋ ወደ ትምህርት የሚለወጠው ፊልም ያስገድደው የነበረውን ነገር ባለሙያው በፈቃዱ ሲያደርገው ነው። ለዚህም ሦስት ልማዶች ሊጠቀሱ ይችላሉ። አንደኛው ስክሪኑን ከማየት በፊት የምስሉን ብርሃን መገመትና ግምቱን ከሂስቶግራሙ ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው ራስን በ36 ምስሎች ወስኖ መለማመድና ምርጫውን ለማግሥቱ ማቆየት ነው። ሦስተኛው ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደተነሣ ከምስሉ ጋር መጻፍ ነው፤ ካሜራው የመዝጊያ ፍጥነቱን እንጂ የልጃገረዷን ስምና የዘፈነችውን አይመዘግብምና።

ሦስተኛው ልማድ በመስክ ካሜራ ይዘው ለሚወጡ ተመራማሪዎችም ይሠራል። በኮረም ምስሎች ላይ ከሚታዩት ሰዎች የብዙዎቹ ስም ከምስሉ ጋር ለዓለም አልደረሰም። ዛሬ በዋግ የሚነሡት ምስሎች በብዛት ከዚያ ዘመን ይልቃሉ። ለሚቀጥለው ትውልድ ማስረጃ የሚሆኑት ግን ባለሙያው ከመጫኑ በፊት ያሰበባቸውና ከተጫነ በኋላ በስማቸው የመዘገባቸው ናቸው።