የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስት ለምን ብቻውን አይሠራም?

ፊዚዮቴራፒ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን እግሩ ተሰብሮ ጀሶው የወጣለት ሰው ነው። ነገር ግን ከሙያው ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ላይ ብቻ የሚሠሩ አሉ። የነሱ ሥራ ጊዜን መቅደም ነው። የልጅ አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ሰውነቱ የሚገተርበት ወይም አንገቱን መያዝ ያቃተው ልጅ ቶሎ ከታየ የመሻሻል ዕድሉ ይሰፋል።

ለመሆኑ አንድ ልጅ ዘገየ የሚባለው መቼ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ጤነኛ ልጆች በሙሉ ማለት ይቻላል እስከ 9 ወር ገደማ ያለ ድጋፍ ይቀመጣሉ፤ እስከ 18 ወር ገደማ ደግሞ ብቻቸውን ይራመዳሉ። ከዚህ ያለፈውን ልጅ «ይደርስበታል» ብሎ መተው አይገባም፤ ባለሙያ ይየው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉት እንዲህ ያለ ድጋፍ በር ከፈተ። እዚያ ፊዚዮቴራፒስቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በልጁ ቤት ነው። እናት ልጇን ስታጥብ፣ ስታበላ፣ ስታቅፍ እንዴት እንደምትይዘው ያሳያታል። ለቤተሰቡ ይህ ጥሩ ነው። ባለሙያው ግን ሆስፒታል ቢሆን «እስቲ ና እይልኝ» የሚለው ባልደረባ ነበረው፤ በሰው ቤት ብቻውን ነው። ትስስር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥቅሙ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ያስቸገረውን ነገር ይጠይቃል፤ የልጁን ስም ግን አያነሳም፣ ምስጢር ነውና።

ሁለተኛ፣ ያረጀ አሠራር ይታረማል። ቀድሞ ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ባለሙያው የተገተረውን እግር እየጎተተ ማሳሳቡ እንደ ዋና ሕክምና ይታይ ነበር። አሁን ግን ልጁ ራሱ መቀመጥን፣ መነሳትን፣ ዕቃ መያዝን ደጋግሞ ቢለማመድ የተሻለ እንደሆነ ታውቋል። ይህን ያልሰማ ባለሙያ በድሮው ይቀጥላል።

ሦስተኛ፣ ርክክብ አለ። ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ወደ ሌላ አገልግሎት ይሸጋገራል። የቀድሞውና አዲሱ ባለሙያ ካልተዋወቁ ልጁ መሀል ላይ ይወድቃል።

እኛንስ ምን ይመለከተናል? በካምፕ ኑሮ ቤተሰብ ይዘዋወራል፣ ባለሙያም ኮንትራቱ ሲያልቅ ይሄዳል። ርክክቡ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ መምህራን፣ በጤና ጣቢያው ይህን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ እወቁ፤ እሱም እናንተን ይወቃችሁ። ተማሪዎች፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ያቃተው ታናሽ ካለ ለወላጅ ንገሩ፣ ለመምህርም ንገሩ። ወላጅ የልጁን የሕክምና ካርድ እንዳይጥል አስታውሱት፤ ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ሲሄድ ለአዲሱ ባለሙያ የሚናገርለት ያ ካርድ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እዚህ ግን የሚፈለገው ማሰር አይደለም፣ አንድ ልጅ ተነስቶ እንዲራመድ መርዳት ነው።