የምግብ ቤት ምድጃና የደኅንነት ምልክቱ

ለሆቴልና ለምግብ ቤት የሚሆን ምድጃ፣ የዘይት መጥበሻና የዳቦ መጋገሪያ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ማጓጓዣው ነው። ነገር ግን የንግዱን ትርፍ ወደ ኪሣራ ሊለውጥ የሚችል ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በዕቃው ጀርባ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው የደኅንነት ምልክት ነው።

ምልክት ሁሉ አንድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ምልክት የሚመሰክረው ስለ ተመረመረበት አደጋ ብቻ ነው። «ዩ ኤል» የተባለው የአሜሪካ ምልክት፣ ዊልያም ሄንሪ ሜሪል እ.ኤ.አ. በ1894 በቺካጎ የመሠረተው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ሲሆን፣ በተለመደው አኳኋኑ ዕቃው ስለ እሳትና ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ መመርመሩን ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ1944 በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው «ኤን ኤስ ኤፍ» ደግሞ ይበልጡን የሚመለከተው ንጽሕናን፣ ማለት ዕቃው ለማጠብ የሚመች፣ ቅባትና ፍርፋሪ የሚሸሸግበት ስንጥቅ የሌለው መሆኑን ነው። የአውሮፓው «ሲ ኢ» በብዙ ዕቃዎች ላይ የሚለጠፈው በሠሪው በራሱ ኃላፊነት ነው፤ በጋዝ ምድጃ ላይ ግን የመርማሪው ድርጅት አራት አኃዝ ያለው ቍጥር አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ምልክት ያለው ዕቃም ቢሆን ከተመረመረበት ሁኔታ ውጭ ቢሠራበት ምስክርነቱ አይጸናም። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ መጋገሪያ ከአገራችን 220 ቮልት ጋር በቀጥታ ቢገናኝ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆንና የሚግለው ሽቦ ይቃጠላል። እንዲሁም ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ምድጃ የጋዝ መውጫ ቀዳዳው ሳይለወጥ በሲሊንደር ጋዝ ቢሠራበት ነበልባሉ ከመጠን ያልፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ገዳይ ጭስም ሊያወጣ ይችላል።

ነገሩ ላኪዎችንም ይነካል። በዋሺንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ለሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የኤሌክትሪክ ምጣድ መላክ የሚያስብ ሰው፣ የጤናና የእሳት ተቆጣጣሪዎች ምልክቱን እንደሚጠይቁ ማወቅ አለበት። ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የተመረመረ ምጣድ ለምግብ ቤት ተመርምሯል አይባልም።

ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የሰሌዳውን ፎቶግራፍና የምስክር ወረቀቱን ቍጥር ከሻጩ ይጠይቅ። ቍጥሩንና የዕቃውን ሞዴል ምልክቱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት መዝገብ ጋር ያስተያይ፤ ሐሰተኛ ምልክት መለጠፍ ቀላል ነውና። ግዢው በባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚፈጸም ከሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ያስጽፍ። ባንክ የሚመለከተው ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም፤ በውሉ ያልተጻፈውንም ከሻጩ አይጠይቅም። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ የምስክር ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም ወጪው በገዢው ላይ ይወድቃል።