ውሻው ሲጠሩት እንዲመጣ

አገር ቤት ውሻ ቀን ሲዞር ይውላል፣ ሌሊት ግቢ ይጠብቃል። እዚህ ልጆች ያመጡት ውሻ ግን አፓርታማ ውስጥ ተዘግቶ ይውላል፤ ልጆቹ ወደ ሠራዊቱ ሲገቡ ደግሞ ለወላጅ ይተርፋል። በር ተከፍቶ ወደ መኪና መንገድ ቢያመልጥ የሚያድነው ሲጠሩት መመለሱ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ። እናት «ና»፣ ልጅ «ቦ» ካሉት ግራ ይገባዋል። ቤት ውስጥ ከቅርብ ጥሩት፤ ሲመጣ ወዲያው አጥንት የሌለው የተቀቀለ ዶሮ ቁራጭ ስጡት። ወጥ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀስ በቀስ ርቀቱን ጨምሩ፤ ውጭ ስታለማምዱት በገመድ ይሁን። ዘግይቶ ቢመጣም አትቆጡት። በመጣ ቁጥር ቁጣ ወይም መታጠብ ከጠበቀው፣ ሌላ ቀን ሲጠሩት ይሸሻል።

ውሻ ሲሰለቸው ይጮኻል፣ ጫማ ያኝካል፤ ጎረቤትም ያማርራል። ስታንሸራሽሩት አትጎትቱት፤ ቆም ብሎ ያሽትት፤ ለእሱ ማሽተት የሰፈሩን ወሬ መስማት ነው። ቤት ሲውል ደግሞ ከምግቡ ጥቂቱን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላችሁ ስጡት፤ ፈልጎ ያውጣ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ብታጫውቱትም ይጠቅመዋል፤ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው።