300 ሜትር ጥልቀት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ

«ስልክ ኪስህ ውስጥ እያለ ሰዓት ለምን ታስራለህ?» ይቺን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማታለሁ። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከእኔ በዕድሜ ያነሱ፣ ሰዓት ማለት የስልካቸው ስክሪን የላይኛው ጥግ የሆነላቸው ልጆች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ስለ አርማታ ማውራት ይኖርብኛል፤ ታገሡኝ።

የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ቀኔን የማሳልፈው አዲስ አበባ ውስጥ እየተገነባ ባለ አንድ ሕንፃ ላይ፣ በፌሮ፣ በካሳፎርማና በአቧራ መሐል ነው። ግራ እጄ ላይ ያለው ደግሞ ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ሜትር የሚባል የጠላቂ ዋናተኞች ሰዓት ነው። እስከ 300 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። እኔ ይዤው የወጣሁት ግን ወደ ላይ ነው፤ አሁን አራተኛ ፎቅ ሶሌታ ላይ ደርሰናል። ዋናም አልችልም።

እንዴት አገኘኸው ለምትሉ፣ ሜሪላንድ የምትኖር ታላቅ እህቴ ናት የሰጠችኝ። ነርስ ናት፤ ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። አዲሱ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ወደ ብር ለመመንዘር አትድከሙ፤ እኔ አንዴ መንዝሬ ሁለት ቀን ሙሉ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የዋልኩት። እማዬ ስታየው «ይሄንንማ ከወርቄ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጥልሃለሁ፤ ለሠርግህ ታስረዋለህ» አለች። እህቴ ይሄን በስልክ ሰምታ «እማዬ፣ እሱ እኮ የሥራ ዕቃ ነው፤ ስመጣ ሣጥን ውስጥ ካገኘሁት መልሼ እወስደዋለሁ» አለቻት። ክርክሩ በዚያው ተዘጋ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

«የሥራ ዕቃ» ያለችው ግነት አልነበረም። የዛሬው የጠላቂ ሰዓት መልኩን የያዘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ነው። ብላንፔን የተባለው የስዊስ ኩባንያ በ1953 ፊፍቲ ፋተምስ የሚባለውን ሰዓት ሲያወጣ፣ በሥራው ላይ ሐሳብ የሰጡት የፈረንሳይ ጦር ጠላቂ ዋናተኞች ነበሩ። የሮሌክስ ሰብማሪነር የዚያው ዘመን ልጅ ነው፤ ኦሜጋ ሲማስተር 300 ደግሞ በ1957 ተከተለ። ለእነዚያ ሰዎች ደቂቃ ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነበር። ጀርባቸው ላይ የተሸከሙት አየር ያልቃል። ጥልቅ ቦታ ብዙ ቆይቶ በፍጥነት መውጣትም ደም ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ይፈጥርና ሰው ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ስንት ደቂቃ እንደቆዩ ጨለማ ውኃ ውስጥ በአንድ እይታ ማወቅ ነበረባቸው።

ዘዴው ቀላል ነው። በመስታወቱ ዙሪያ የሚሽከረከር፣ እስከ 60 ደቂቃ የተመለከተበት ቀለበት አለ። ውኃ ውስጥ ልትገቡ ስትሉ የቀለበቱን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት የደቂቃ ቆጣሪው ካለበት ጋር ታገጥማላችሁ። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ የሚያሳያችሁ ቁጥር ያለፈውን ደቂቃ ነው። መደመር የለ፣ መቀነስ የለ። ደግሞ ቀለበቱ የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በድንገት ተገጭቶ ቢንቀሳቀስ እንኳ ያለፈውን ጊዜ ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም። ጠላቂው ቀድሞ ቢወጣ ነው፤ አየር አልቆበት እዚያው አይቀርም። ይቺን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

አሁን ወደ አርማታው። ሲሚንቶ ውኃ ከነካው ጊዜ ጀምሮ ቆጠራው ተጀምሯል። በእኛ ሳይት ውል መሠረት ከፋብሪካ የሚመጣ አርማታ በተቦካ በ90 ደቂቃ ውስጥ ቦታው ላይ መፍሰስ አለበት፤ በሌሎች ብዙ ሥራዎችም የተለመደው ቁጥር ይኸው ነው። ጊዜው ሲያልፍ አርማታው ይከብዳል፣ አልፈስም ይላል። ያኔ አንድ ሰው የውኃ ጎማ ይዞ ወደ ሚክሰሩ ይጠጋል። «ትንሽ ውኃ ጠብ እናድርግበት።» ውኃ ሲጨመርበት እንደ ልብ ይፈሳል፤ ጥንካሬው ግን ይወርዳል። ሶሌታው ሲደርቅ በዓይን ቢያዩት ምንም አይልም። ውኃውን የጨመረው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ከሥሩ የሚኖረው ሰው ደግሞ ገና አልገባም።

የአዲስ አበባን መንገድ ታውቁታላችሁ። ግማሽ ሰዓት የሚባለው መንገድ ጠዋት ላይ ስንት እንደሚሆን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ስለዚህ አርማታው ሲቦካ ከፋብሪካው ይደውሉልኛል፤ እኔ ስልኩን ሳልዘጋ ቀለበቱን አዞራለሁ። ባለፈው ክረምት ሦስተኛውን ፎቅ ስንሞላ አንዱ ሚክሰር ዘገየ። ቆጣሪው አንድ ሙሉ ዙር ጨርሶ ሠላሳን አለፈ፣ አርባንም አለፈ። መኪናው ሲደርስ ሹፌሩ «አሁን ነው እኮ የወጣሁት፣ ኢንጅነር» አለኝ። የማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት በስክሪብቶ ተሰርዞ በላዩ ላይ ሌላ ተጽፏል። ፎርማናችን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አርማታ ሲያስሞሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠጋ ብለው ወረቀቱን አዩ፣ የእጄን ቀለበት አዩ፣ በአካፋ ጫፍ አርማታውን ነካ አደረጉና «ይመለስ» አሉ። ተመለሰ።

የዚያን ቀን ፓምፑ ቆመ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተቀመጠ፣ ሥራ ተቋራጩ በስልክ ጮኸብኝ፣ በዚያ ላይ ዝናብ መጣ። ሙሌቱን ያቋረጥንበትን መስመር ለማስተካከል ሌላ ጣጣ ነበረው። ያለቀው ሶሌታ ላይ ግን ዛሬ ፈርጠም ብዬ ነው የምቆመው።

ይሄን ስልክ አይሠራውም? ይሠራዋል። ነገር ግን ጓንት ላጠለቀ ወይም ለረጠበ ጣት ስክሪን አይታዘዝም። ሲሚንቶና አሸዋ የያዘ ጣት ደግሞ ስክሪኑን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው። ሌላም አለ። ስልክ ከኪስ ከወጣ ቴሌግራም ላይ የተደረደረው ቁጥር አለ፣ የዝውውር ዜና አለ፣ ያልተመለሰ ሚስድ ኮል አለ። ሰዓት ሊያይ የወጣ ስልክ ስንቴ ሰዓቱ ሳይታይ ወደ ኪስ እንደሚመለስ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የእጅ ሰዓቴ የሚያሳየኝ ሌላ ነገር ስለሌለው አይቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ሐቁን እናውራ ካላችሁ ግን፣ ካሲዮ የሚሠራው 200 ሜትር ድረስ ውኃ የማያስገባ፣ የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ሰዓት አለ። ዋጋው ከእኔው አጠገብ ሲቀመጥ የማኪያቶ ሒሳብ ይመስላል። ከላይ ያወራሁትን ሥራ በሙሉ ይሠራል። በትክክለኛነትም ይበልጣል። በባትሪ የሚሄድ የኳርትዝ ሰዓት በወር ቢሳሳት 20 ሰከንድ ገደማ ነው። የእኔው በስፕሪንግና በጥርስ የሚሄድ ሜካኒካል ስለሆነ፣ ሜታስ የተባለውን የስዊስ መንግሥት የመለኪያ ተቋም ፈተና አልፎ እንኳ በቀን እስከ 5 ሰከንድ እንዲቀድም ይፈቀድለታል። በወር ሁለት ደቂቃ ተኩል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ለሥራ አስፈልጎኝ ነው ይሄን ሁሉ ዶላር ያወጣሁት» ቢላችሁ አትመኑት። ጠላቂዎቹ ራሳቸው ከ1980ዎቹ ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ ዳይቭ ኮምፒውተር ዞረዋል፤ የድሮው ሰዓት መጠባበቂያ ሆኗል። ሰዓት ሥራውን የተነጠቀው እኛ ኪስ ውስጥ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? አንዱ ዕድሜ ላይ ነው። ስልኬ ሦስት አራት ዓመት ቢያገለግለኝ ነው፤ ይሄ ሰዓት ግን ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ዕቃ ተቀይሮለት እንደገና እንዲሄድ ሆኖ ነው የተሠራው። ባትሪ የለውም፤ የእጄ እንቅስቃሴ ይሞላዋል። አውልቄ ባስቀምጠው 55 ሰዓት ይሄዳል፤ ቅዳሜ ማታ ያወለቅሁትን ሰኞ ጠዋት እየሄደ አገኘዋለሁ። መስታወቱ ሰው ሠራሽ ሰንፔር ስለሆነ አሸዋ አልጫረውም። ብረቱ ግን ተጫጭሯል፣ ደህና አድርጎ። ስልክ አጠገብ ለሚያድር ሰው የሚጠቅመው ደግሞ መግነጢስን መቋቋሙ ነው። የድምፅ ማጉያና የቦርሳ መዝጊያ ማግኔት ተራውን ሜካኒካል ሰዓት ሊያሳብደው ይችላል፤ ይሄኛው እስከ 15 ሺህ ጋውስ ይችላል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የቀለበቱ ጠርዝ ሞገድ መሳይ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ በጓንት ሲይዙት ግን ያንሸራትታል። በዚህ በኩል ካሲዮው ይሻላል። አሥር ቁጥር አጠገብ ያለችው ትርፍ ቁልፍ ለቀናት ግፊት ያለበት ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ ጠላቂዎች ሂሊየም ማስወጫ ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ሥራ የላትም።

የሞላሁት በእኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። የፈረንጅ ሰዓት ቀን የሚቀይረው ቆጣሪው አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ፣ በእነሱ እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ አቆጣጠር አስተካክላችሁ ብትሞሉት ቀኑን የሚቀይረው ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ይሆናል። ልክ እንደ እኛ፣ ቀን ከንጋት ይጀምራል! ስዊሶቹ ይሄን ስላሰቡ አይደለም፤ እንዲሁ ገጠመ። ወሩ ላይ ግን አንስማማም። የሰዓቱ መስኮት እስከ 31 ይቆጥራል፣ የእኛ ወር በ30 ያልቃል፣ ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም። በዓመት 13 ጊዜ በእጄ አስተካክለዋለሁ።

ሌባስ አትፈራም ትሉኛላችሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ እጅጌዬን እጎትታለሁ። ሳይት ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ነው ብሎ የሚያምን የለም፤ በኦሜጋና በሮሌክስ ስም ገበያውን የሞላው አስመሳይ ሰዓት ጋሻ ሆኖኛል። (የእኛ ሳይት ልጅ ሆነህ ይሄን እያነበብክ ከሆነ፣ እባክህ ዝም በል።) አንድ ቀን ባሬላ የሚሸከም ልጅ «ኢንጅነር፣ ከመርካቶ ስንት ገዛኸው?» አለኝ። «ስጦታ ነው» አልኩት። እውነት ነው፤ ዋጋውን ግን አልነገርኩትም። እሱ ስንት ዓመት ባሬላ ቢሸከም እንደሚገዛው ሁለታችንም ፊት ለፊት ቆመን ባናሰላው ይሻላል።

ይሄ ነገር ይከነክነኛል። ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆለፍ ግን ለዚያ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? እህቴ ሌሊቱን ቆማ ያገኘችው ገንዘብም እዚያ ተኝቶ ይቀራል። እዚህ ቢያንስ ልጁ ከሥሩ የሚያልፍበትን ሶሌታ ደቂቃ ይቆጥራል።

አንዳንድ ነገር ለያዛችሁ ወይም ለምትይዙ። ርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ማሰሪያው ሥር ደግሞ ይደበቃል፤ ስለዚህ ማታ ማታ በሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቧንቧ ሥር አጥበዋለሁ። ከዚያ በፊት የጎን መሙያ ቁልፉ እስከ መጨረሻው መጠምዘዙን አያለሁ። ላላ ካለ 300 ሜትር የሚለው ጽሑፍ ዋጋ የለውም። ሳይት ላይ የጎማ ማሰሪያ ነው የምጠቀመው። ቫይብሬተር ወይም ጃክሀመር ስይዝ፣ የሚሽከረከር ማሽን ወይም ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ አጠገብ ስሆን አውልቄ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ከሰዓቱ እጄ ይበልጥብኛል። አስፋልት ዳር ያሉ ሰዓት ሠሪዎቻችን እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይሁንና ጀርባው አንዴ ከተከፈተ ጎማው ታይቶ በግፊት መፈተሻ ካልተሞከረ ውኃ አታስነኩት። ኦሜጋ በ5 እና በ8 ዓመት መካከል ሰርቪስ ይደረግ ይላል፤ ክፍያው በመቶዎች ዶላር ነው። ያን ጊዜ ለእህቴ ሰው እጅ ልኬ አሠራዋለሁ ብዬ አስቤያለሁ፤ እሷ እስካሁን አልሰማችም።

የሰዓቱ ሣጥን ከእንጨት የተሠራ፣ ትልቅና የሚያምር ነው። እማዬ ወስዳዋለች፤ ክርና መርፌዋን ታስቀምጥበታለች።