ሰንጋ ተራ በእሸት ወራት

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ሰንጋ ተራን የበቆሎ ጥብስ ሽታ ያውዳታል። ከቢሮ የሚወጣው ሰው ከሰል ከምታራግበው ሴት ፊት ጎንበስ ብሎ የበቆሎውን ሽፋን ፈልቀቅ ያደርግና ፍሬውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ይላል። ወተቱ ከፈናጠቀ ለጋ ነው፤ ጥፍር እምቢ ካለ ደርቋልና ይመልሰዋል። ገዢው እንዲህ መጠንቀቁ አግባብ ነው። እሸት በቆሎ ከአገዳው ከተለየ ጀምሮ ጣፋጭ ያደረገው ስኳር ወደ ስታርች መለወጥ ይይዛል። ጠዋት የተቆረጠና ሦስት ቀን የከረመ እሸት አንድ ዓይነት ጣዕም የማይኖራቸው ለዚህ ነው።

የሰፈሩ ስም የመጣው ከሰንጋ ገበያ ነው። ዛሬ ቀና ሲሉ የሚታየው 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንጻ ነው፤ ወረድ ሲሉ ግን ማዳበሪያ ዘርግተው ጎመን፣ ድንችና ቃሪያ የሚደረድሩ የጉልት ሴቶች አሉ። ወቅቱን ለማወቅ የእነሱን መደብ ማየት ይበቃል። ከመስከረም ወዲህ የባቄላና የአተር እሸት በእስር ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሽምብራ እሸት ከነግንዱ ይሸጣል፤ ለጥምቀት ደግሞ ሸንኮራ አገዳ መንገዱን ይሞላል። ሚያዝያና ግንቦት የማንጎ ወራት ናቸው፤ ክረምቱ ሲገባም ጎመኑ ይለመልማል። የጾሙ አቆጣጠርም ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ ፍልሰታ በበቆሎና በጎመን ወቅት፣ ኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም ደግሞ እሸት ባለበት ጊዜ ይውላል።

በወቅቱ የደረሰን መብላት ከጤና ጋር ምን አገናኘው?

አንደኛው መልስ ዋጋ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰዎች ከ95 የሚበልጡት ከዚህ በታች እንደሚመገቡ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም አትክልትና ፍራፍሬ ከየዕለቱ ማዕድ እንዳይጠፋ ያሳስባል። ይህን ምክር በወር ደመወዝ መፈጸም የሚቻለው ገበያው በሞላበት ሰሞን ነው።

ቲማቲም ጥሩ ማሳያ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡና እርጥበቱ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ ያመጡበታል፤ ገበሬው ደጋግሞ መድኃኒት ይረጫል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። በጋ ላይ ግን ከመቂና ከባቱ አካባቢ በመስኖ የሚለማው ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ በሐምሌ ውድ ቲማቲም ለመግዛት ከሚጨናነቅ ቤተሰብ ይልቅ ገንዘቡን ለጎመንና ለዱባ ያዋለው ይጠቀማል። ሁለቱም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር በብዛት አላቸው።

ሁለተኛው መልስ ትኩስነት ነው። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ቅጠሉ ከተቀጠፈ ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሙቀትና ጠውላጋነት ደግሞ ያፋጥኑታል። ታዲያ ትኩሱን ገዝቶ በድስት ማባከን ያሳዝናል። ጉልት ላይ ተከትፎ በፌስታል የቆየ፣ ቤት ሲደርስ እንደገና የታጠበ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ተቀቅሎ የተጠነፈፈ ጎመን ቫይታሚን ሲውና ፎሌቱ አብዛኛው ከውኃው ጋር ይፈሳል። የሚሻለው ቅጠሉን ሙሉውን ማጠብ፣ ከዚያ መክተፍ፣ በጥቂት ውኃ ክዳን ገጥሞ ቶሎ ማብሰልና ሲወጣ ሎሚ ጠብ ማድረግ ነው። ሎሚውም አጠገቡ የቀረበው ጥሬ ቃሪያም በጎመኑ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳሉ።

አንድ ነገር ግን ሊዘለል አይገባም። ተመራማሪዎች በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ከሥሩ የሳበውን ከባድ ብረት ግን አያስወጣም። ስለዚህ ጎመኑ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ነጋዴዋም ብዙ ጊዜ ታውቃለች።

ጥያቄውን በራሳቸው የመለሱም አሉ። በኮንዶሚኒየም በረንዳዎች ላይ በአሮጌ ባልዲ የተተከለ የሐበሻ ጎመን ማየት እየተለመደ ነው። ባልዲው ሥሩ ተበስቶ ውኃ እንዲያሳልፍ ይደረጋል፣ አፈርና ፍግ ይሞላል። ከግንዱ ሥር ያለው ቅጠል ብቻ ይቀጠፋል፤ ላይኛው እምቡጥ ካልተነካ ጎመኑ ለወራት ማቆጥቆጡን አያቆምም። ሽንኩርቱ ድስት ላይ ሲቁላላ የቤቱ ልጅ ወደ በረንዳ ብቅ ብሎ አንድ እፍኝ ቀጥፎ ይገባል።